ገንዘብ የሰጠው ሞብሊን

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተባለው የኒንቴንዶ ጨዋታ ሲከፈት ተጫዋቹ ባዶ እጁን ነው። ጨዋታው በጃፓን የወጣው በ1986 ሲሆን አሜሪካ የደረሰው በ1987 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊንክ የሚባል አረንጓዴ የለበሰ ልጅ ሜዳ መካከል ቆሟል። ያለው ሦስት ልብ ብቻ ነው፤ ልቦቹ ካለቁ ይሞታል። አጠገቡ የዋሻ አፍ አለ። እዚያ ገብቶ ከአንድ ሽማግሌ የእንጨት ሰይፍ ከተቀበለ በኋላ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ሃይሩል የሚባለው አገር ወደ ጎን 16፣ ወደ ታች 8፣ በድምሩ 128 ስክሪን ይሰፋል። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ፣ ያ ነገር ሊገድለው የመጣ ነው ብሎ ቢያስብ ብዙም አይሳሳትም።

ታሪኩ አጭር ነው። ጋኖን የተባለ የክፉዎች አለቃ የኃይልን ትራይፎርስ፣ ማለትም አስማታዊ ኃይል ያለውን ሦስት ማዕዘን፣ ዘርፏል። ልዕልት ዜልዳ የጥበቡን ትራይፎርስ ስምንት ቦታ ሰባብራ ደበቀችው፤ ጋኖንም እሷን አሰራት። ሊንክ ስምንቱን ስብርባሪ ሰብስቦ ጋኖን ዘንድ መድረስ አለበት። በየመንገዱ የሚጠብቁት ጭራቆች የጋኖን ጭፍሮች ናቸው። ከነሱም አንዱ ሞብሊን ይባላል፤ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ፊቱ ቡልዶግ ውሻን የሚመስል፣ ጫካ ውስጥ የሚኖርና ጦር የሚወረውር ፍጡር ነው። ሞብሊን የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ይራመዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወረውራል፣ ይሞታል። አሥር ሞብሊን የገደለ ተጫዋች አሥራ አንደኛውን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያውቃል።

አንድ ቀን ግን ይህ ተጫዋች ገደል ሥር ቦምብ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ይፈርስና የማይታወቅ በር ይከፈታል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሁለት እሳት ይነዳል፤ በሁለቱ እሳት መካከል ሞብሊን ቆሟል። ተጫዋቹ ጣቱን የሰይፉ ቁልፍ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሞብሊኑ ግን አይንቀሳቀስም፤ ጦሩንም አይወረውርም። ከራሱ በላይ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይወጣል፤ ነገሩ ከሁሉም ሰው የተሰወረ ምስጢር መሆኑን ይናገራል። ከፊቱ መሬት ላይ ሩፒ፣ ማለትም የሃይሩል ገንዘብ፣ ተቀምጧል። ውሰደው ማለቱ ነው።

በቪዲዮ ጌም ታሪክ ውስጥ ከባሕርያቸው የወጡ ጠላቶች ብዙ ናቸው። ከሁሉም አስቀድሜ ይህንን የማነሳው በዕድሜ ስለሚቀድም ብቻ አይደለም። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸውና ብዙ ቃል ተጽፎላቸው የተሠሩት፣ ከዚህ ዝምተኛ ሞብሊን የሚማሩት ነገር አለ ብዬ ስለማምን ነው።

የስጦታውን ክብደት ለማወቅ የአገሩን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። በሃይሩል ጠላት ሲሞት አንዳንዴ ሩፒ ይጥላል፤ የሚጥለው ግን አንድ ወይም አምስት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም የለም። ሱቅ ሲገባ ጋሻው እንደ ባለሱቁ 90፣ 130 ወይም 160 ሩፒ ነው። ጉዳትን የሚቀንሰው ሰማያዊ ቀለበት 250 ሩፒ ነው። ቀስት ያለው ተጫዋች አንድ ፍላጻ በለቀቀ ቁጥር ከኪሱ አንድ ሩፒ ይቀነስበታል፤ ስለዚህ ያልሳተ ፍላጻ እንኳ ወጪ ነው። የኪሱ ወሰን ደግሞ 255 ሩፒ ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ባይት ስለሚቆጠርና አንድ ባይት ከዚህ በላይ መያዝ ስለማይችል። ቀለበቱ 250 መሆኑን ልብ በሉ። ኪሱን እስከ አፉ የሞላ ተጫዋች ቀለበቱን ሲገዛ አምስት ሩፒ ይተርፈዋል።

ዋሻው ውስጥ ያለው ሞብሊን የሚሰጠው አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ ደግሞ 100 ሩፒ ነው። መቶ ሩፒ ማለት ተጫዋቹ በሰይፉ ስክሪን ለስክሪን እየዞረ፣ ልቡ እያለቀ፣ በአንድና በአምስት የሚለቅመው ገንዘብ ነው። ዋሻውን ማግኘቱም ቀላል አይደለም። አብዛኛው የሚፈነዳ ግድግዳ ከሌላው ግድግዳ አይለይም፤ ስንጥቅ የለው፣ ምልክት የለው። የሚቃጠለውም ቁጥቋጦ እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊው ሻማ ደግሞ በአንድ ስክሪን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነደው። ሁለተኛ ቁጥቋጦ መሞከር የፈለገ ሰው ከስክሪኑ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ ዳግም የተነሡትን ጠላቶች ተዋግቶ ነው የሚሞክረው። ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት ሺገሩ ሚያሞቶ ልጅ ሳሉ በኪዮቶ አቅራቢያ ባለችው ሶኖቤ ኮረብታና ጫካ ሲያስሱ እንዳደጉ፣ አንድ ቀንም ዋሻ አግኝተው ፋኖስ ይዘው እንደገቡ ተናግረዋል። ያ የልጅ ድፍረትና ፍርሃት በጨዋታው ዋሻዎች ሁሉ አለ። ልጁ ጨለማ ውስጥ የጠበቀው አውሬ ነበር፤ አውሬውን አገኘው፤ አውሬው ገንዘብ ሰጠው።

የሚገርመው ከዚህ ይቀጥላል። ሌላ ቦታ፣ ልክ እንደዚሁ በድካም በተከፈተ ዋሻ፣ ሰይፍ የሰጠውን የሚመስል ሽማግሌ ይገኛል። ሰው ነው፤ የእኛ ወገን ነው፤ ፊቱም ይታወቃል። ተጫዋቹ በደስታ ሲጠጋ ሽማግሌው ለሰበርከው በር ማሠሪያ ክፈል ይለዋል፤ ሳይጠይቀውም 20 ሩፒ ከኪሱ ይወስዳል። ሌላው ሽማግሌ ቁማር ያጫውተዋል። ለዚያ ልጅ ዓለምን ለማዳን በሚደረገው ጦርነት ወገኑ ያስከፍለዋል፣ ጠላቱ ይከፍለዋል። ጨዋታው ይህን ተቃርኖ በአንድ ቃል እንኳ አያነሳውም። ዋሻዎቹን በካርታው ላይ በትኖ፣ ማን የትኛውን ቀድሞ እንደሚያገኝ ለዕድል ትቶታል።

ለምን ሞብሊን ሆነ? ቀላሉ መልስ ቁጠባ ነው። ወደ አሜሪካ የተላከው የዜልዳ ካርትሪጅ በሙሉ 128 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያች ቦታ ውስጥ አገሩ፣ ዘጠኙ የምድር ቤት ግንቦች፣ ሙዚቃው፣ ጠላቱ፣ ጽሑፉ ሁሉ መግባት ነበረበት። አንዴ የተሳለ ሥዕል በተቻለ መጠን ደጋግሞ መሥራት አለበት፤ የሞብሊን ሥዕል ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ግን አያጠግብም። የሽማግሌው ሥዕልም ተሠርቶ ያለቀ ነበርና። የባለሱቁም ነበር፣ መድኃኒት የምትሸጠው አሮጊትም ነበረች። ገንዘቡን ሽማግሌ ቢሰጠው አንድ ባይት አይጨምርም ነበር። ከተዘጋጁት ሥዕሎች መካከል ጠላትን መምረጥ ወጪ የሌለው፣ ግን ታስቦ የተደረገ ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ የጌም ጠላት «ባሕርይ» አለው ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ማየት ይገባል። በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው ባሕርዩ ከንግግሩ፣ ከሐሳቡ፣ ካለፈ ታሪኩ ይታወቃል። የጌም ጠላት ይህ ሁሉ የለውም፤ ያለው ደንብ ነው። ግልጹ ምሳሌ በ1980 ናምኮ ያወጣው ፓክማን ነው። ቶሩ ኢዋታኒና ባልደረቦቻቸው አራት መናፍስት ሠሩ፤ ከቀለማቸው በቀር መልካቸው አንድ ነው። ቀዩ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ ተከትሎ በቀጥታ ያሳድዳል። ሮዙ ተጫዋቹ ከሚገኝበት አራት ካሬ ፊት ለፊት ያነጣጥራል፤ ስለዚህ መንገድ የሚቆርጥ ይመስላል። ሰማያዊው የቀዩን ቦታና የተጫዋቹን አቅጣጫ አጣምሮ ያሰላል። ብርቱካናማው ከሩቅ ሲሆን እንደ ቀዩ ያሳድዳል፤ ስምንት ካሬ ያህል ሲቀርብ ግን ትቶ ወደ ታችኛው የግራ ጥግ ይመለሳል። ተጫዋቾች ይህን ስሌት ሳያውቁት ቀዩን ቁጡ፣ ሮዙን ተንኮለኛ፣ ብርቱካናማውን ፈሪ ይሉታል። ደንቡ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ፍርሃቱን የጨመረበት ተጫዋቹ ነው።

ስለዚህ ከባሕርይ መውጣት ማለት ከደንብ መውጣት ነው። ደንቡ ያልጠበቀ ከሆነ መውጣቱ አይሰማም። አንዱ ሞብሊን የሚጮህ፣ ሌላው የሚዘፍን፣ ሦስተኛው የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ ዋሻ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሰጪ ከብዙዎቹ አንዱ ይሆን ነበር። ሌት ተቀን የሚጮህ ውሻ ድንገት ዝም ሲል ነው ቤተሰቡ ከእንቅልፉ የሚነሣው። ዜልዳ ጫካውን ሙሉ አንድ ዓይነት ሞብሊን ሞልቶ፣ ሁሉንም ሳያዛንፍ ጦር አስወርውሮ፣ ለዋሻው ያዘጋጀን በዚያ ነው። ብዙ ዘመናዊ ጨዋታ የሚሳነው ይህ ትዕግሥት ነው። የሚያስደንቀውን ጠላት ለማሳየት ይቸኩላል፤ ተራውን ጠላት ተራ አድርጎ ለማቆም ግን ጊዜ አይሰጥም።

በዚያው ጨዋታ ሁለተኛ ምስክር አለ። ሰባተኛው ግንብ ውስጥ ጎሪያ የሚባል ጠላት መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ጎሪያዎች በሌላ ክፍል ሁሉ ቡመራንግ የሚወረውሩ ቀልጣፋ ተዋጊዎች ናቸው። ይኼኛው አይዋጋም፤ ሰይፍም አይጎዳውም። ያጉረመርማል ብቻ። ፍንጩ ይኸው ነው፤ ያልገባው ተጫዋች ክፍሉን ደጋግሞ ሲዞር፣ ግድግዳውን በቦምብ ሲፈትሽ ይውላል። ጎሪያው የራበው ነው። መፍትሔው ከግንቡ ወጥቶ፣ ሱቅ ሄዶ፣ በ60 ወይም በ100 ሩፒ ሥጋ ገዝቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ እሱን ማብላት ነው። ሥጋው ውጭ ላይ ጠላትን አታልሎ መሳቢያ ነው፤ እዚህ ግን ምግብ ሆኖ ይበላል። ጎሪያው በልቶ መንገዱን ይለቃል።

ሞብሊኑና ጎሪያው ያላቸውን ዝምድና ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል። ሁለቱም የሚነጋገሩት ጨዋታው በሚያውቀው ነገር ነው፤ በገንዘብ፣ በዕቃ፣ በመንገድ። ጨዋታው «ይህ ጭራቅ ደግ ነው» ብሎ አይተርክም፤ 30 ሩፒ ኪስ ውስጥ ያስገባል። «ይህ ጭራቅ ይራበዋል» ብሎ አያስተዛዝንም፤ 60 ሩፒ ከኪስ ያስወጣል። ተጫዋቹ ነገሩን የሚያውቀው በኪሱ ነው፤ በኪስ የታወቀ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ጨዋታው «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለመስጠቱም ከጉድለት የሚቆጠር አይደለም። ሞብሊኑ ጋኖንን የከዳ ነው? ፈሪ ነው፣ ዋሻው ተሰብሮ ሰይፍ የያዘ ልጅ ሲገባበት ነፍሱን በጉቦ የሚገዛ? ወይስ የሰረቀውን ገንዘብ የደበቀ ሌባ ነው፣ አፍ ማዘጊያ የሚከፍል? ሦስቱም ከቃሉ ጋር ይስማማሉ። የጉቦው ትርጓሜ በተለይ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ጨካኙ ማን እንደሆነ ይገለበጣል። በሩን በቦምብ ሰብሮ የገባው ሊንክ ነው። ሞብሊኑ ራሱ ቤት ነበር። ይህን ያሰበ ተጫዋች ወደ ጫካው ሲመለስ የሚጠብቁት ሞብሊኖች እንደ በፊቱ ጦር ይወረውራሉ፤ እሱም እንደ በፊቱ ይገድላቸዋል፤ ከመካከላቸው ዋሻ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።

ዜልዳ ከወጣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት «ዳርክ ሶልስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ይህ ጨዋታ በጭካኔው የታወቀ ነው። ጠላቶቹ አይራሩም፤ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ደጋግሞ ይሞታል። ከዋና ዋናዎቹ ጠላቶች አንዱ ሲፍ የተባለ ግዙፍ ተኩላ ነው። አርቶሪያስ የተባለ ፈረሰኛ መቃብር ይጠብቃል፤ የጌታውን ሰይፍ በአፉ ነክሶ ይዋጋል። ትግሉ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሰይፉን በሰፊው ያወናጭፋል፣ ይዘላል፣ ከኋላ ይዞራል። ተጫዋቹ እንቅስቃሴውን አጥንቶ ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

የተኩላው ደም ሊያልቅ ሲል ግን የጨዋታው ደንብ ይሰበራል። በዳርክ ሶልስ ሊሞት የተቃረበ ጠላት ብዙውን ጊዜ እንደ ጤነኛው ነው የሚዋጋው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይብስበታል። ሲፍ ያነክሳል። ሰይፉን ሊያነሣ ሲሞክር ክብደቱ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ሲያወናጭፍ ይወድቃል፤ ተነሥቶ እንደገና ይሞክራል። በኮድ ቋንቋ ይህ ከባድ ነገር አይደለም። የጤና መጠን ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲወርድ ሌላ የእንቅስቃሴ ስብስብ ይጫናል፤ በቃ። ለተጫዋቹ ግን አንጀት የሚበላ ነገር ነው። ያ ሰዓት ውጊያው በጣም የቀለለበት ሰዓት ነው፤ ማንም ያሸንፋል። ብዙ ተጫዋች እጁ የሚከብደው ያኔ ነው።

ፈጣሪዎቹ እዚህ ላይ መውጫ አልተዉም። አርቶሪያስ ያደርገው የነበረው ቀለበት ከሲፍ ነው የሚገኘው፤ ያለዚያ ቀለበት አራቱ ነገሥታት የሚባሉት ጠላቶች ወዳሉበት ጥልቅ ጨለማ መውረድ አይቻልም፤ ጨዋታውም አያልቅም። ሲፍን ማለፍ አይቻልም ማለት ነው። በ2012 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ነገሩን አባባሰው። እዚያ ተጫዋቹ ወደ ጥንት ዘመን ይመለስና ሲፍን ገና ግልገል ሳለ፣ በጨለማ ኃይሎች ተከቦ ያገኘዋል፤ ሊያድነውም ይችላል። ይህን ካደረገ በኋላ ወደ መቃብሩ የሄደ ተጫዋች ሌላ መግቢያ ያያል። ተኩላው ቀርቦ ያሸተዋል፤ ያውቀዋል፤ ያላዝናል፤ ከዚያ ሰይፉን ያነሣል። አንድ አጭር ትዕይንት ናት፤ ብዙ ተጫዋችም ሳያያት ጨዋታውን ይጨርሳል። ያያት ግን ሲፍ እያነከሰ ሲወድቅ በፊት ያላየውን ያያል። ተኩላው ጠላቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ አውቆም መቃብሩን ይጠብቃል።

በዚያው ጨዋታ በሥዕል ውስጥ በተፈጠረ የበረዶ ዓለም ጫፍ ላይ ፕሪሲላ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች፤ ከድራጎን የተወለደች ክልስ ናት። መድረኩ የዋና ጠላት መድረክ ነው፤ ማጭዷም እንደ ማንኛውም ዋና ጠላት መሣሪያ ግዙፍ ነው። እሷ ግን ተመለስ፣ በሰላም ውጣ ትላለች፤ ተጫዋቹ ካልነካት አትነካውም። ከኋላዋ ባለው ጠርዝ ዘሎ መውጣት ይቻላል። ለማያውቅ ሰው ይህ ፈተና ነው፤ ጨዋታው እስካሁን ያስተማረው በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ የቆመ ሁሉ እንደሚገድለው ነውና። ጅራቷን የቆረጠ ሰው ጥሩ ጩቤ ያገኛል፤ በሰላም የወጣ ሰው ከእሷ የሚያገኘው ዕቃ የለም። ከሞብሊኑ ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ ተገልብጧል። ያኛው ጠላት ለሰላሙ ይከፍላል፤ ከፕሪሲላ ጋር ሰላም የፈለገ ተጫዋች ጥቅሙን ይተዋል።

በ2015 ቶቢ ፎክስ የተባለው አሜሪካዊ ያወጣው «አንደርቴል» ይህን ሐሳብ የጨዋታው መሠረት አደረገው። ሁሉም ጭራቅ ሳይገደል ሊታለፍ ይችላል። ሁሉም ደግ ሊሆን የሚችልበት ዓለም ውስጥ ከባሕርይ መውጣት ትርጉም ያጣል ብዬ እሰጋ ነበር፤ አንዲት ገጸ ባሕርይ ግን ስጋቴን ትመልሳለች። ቶሪኤል የፍየል መልክ ያላት፣ ወደ ጭራቆቹ ዓለም የወደቀውን ልጅ፣ ማለትም ተጫዋቹን፣ ተቀብላ የምታስተናግድ፣ ምግብ የምትሠራለት ናት። ልጁ ልውጣ ሲል በር ላይ ትቆማለች፤ ውጭ ይገድሉሃልና። ትግል ይጀመራል፤ እሳት ታዘንባለች። የልጁ ጤና ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ግን እሳቱ ይሸሸዋል። ተጫዋቹ ቆሞ ቢጠብቅ እንኳ ነበልባሉ በግራና በቀኝ ይሄዳል እንጂ አይመታውም።

ይህን ያህል የሚናገር እሳት በሌላ ጨዋታ አላየሁም። ቃሏ «ተመለስ፣ አለዚያ እዋጋሃለሁ» ነው፤ እሳቷ ግን ልጁን መግደል እንደማትችል ይመሰክርባታል። ተጫዋቹ ቶሎ ላያስተውለው ይችላል፤ ጥይት መሸሽ የለመደ ዓይን ጥይቱ ራሱ ሲሸሽ አያየውም። እዚህ ላይ የፎክስ ሌላ ጭካኔ ይመጣል። ብዙ ሰው በሌሎች ጨዋታዎች እንደለመደው ትንሽ ካደከምኳት ትተወኝ ይሆናል ብሎ ይመታታል። ጤናዋ ዝቅ ሲል ግን አንድ ተራ ምት ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ጉዳት ያደርስና ይገድላታል። ደንግጦ ጨዋታውን ከተቀመጠበት ቦታ እንደገና የከፈተና በሁለተኛው የማራት ተጫዋች ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ፍላዊ የተባለው አበባ ያገኘዋል፤ የሠራኸውን አውቃለሁ ይለዋል። መልሶ መክፈት ያጠፋል ተብሎ የሚታመነውን ነገር ጨዋታው አስታውሶታል። ለማዳን የሚያስፈልገው ዘዴ ደግሞ በጣም ቀላል ነበር፤ እየተመቱ ደጋግሞ «ምሕረት» የሚለውን መምረጥ።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ስለ ራሳቸው ጥቂት የሚናገሩ ናቸው። ስለ ራሱ በሰፊው የሚያስረዳ ጠላት ሲገጥመን ምን ይሆናል? በ2011 ቤቴዝዳ ያወጣው «ስካይሪም» ፓርቱርናክስ የሚባል ሽማግሌ ድራጎን አለው። ስካይሪም ውስጥ ድራጎን ሰማይ ላይ ከታየ ይዞ የሚመጣው እሳት ወይም በረዶ ነው፤ ተጫዋቹም ድራጎን ገዳይ ሆኖ የተወለደ ነው። ፓርቱርናክስ ግን በአገሩ ከፍተኛ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ መነኮሳትን ያስተምራል፤ በእርጋታ ያወራል። ድምፁን የሰጡት ቻርልስ ማርቲኔት ናቸው፤ የሱፐር ማሪዮን የደስታ ጩኸት ለረጅም ዓመታት ያሰሙን ሰው። ድራጎኑ ያለፈውን አይደብቅም። ዓለምን ሊያጠፋ የመጣው የአልዱዊን ዋና ረዳት ነበር፤ በሰው ልጆች ላይ ግፍ ሠርቷል፤ ከዚያ ከድቶ ሰዎችን የድራጎንን ቋንቋ ኃይል አስተማራቸው። የጥፋት ፍላጎቱ አሁንም በውስጡ እንዳለ፣ በየቀኑም እንደሚታገለው ይናገራል።

ይህ ግሩም ጽሑፍ ነው፤ ፓርቱርናክስን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁሉን ስለሚያስረዳ ብዙም አያስደንቀኝም። ከድራጎኖች ወጥቶ በፍጥነት ሌላ የታወቀ ዓይነት ውስጥ ይገባል፤ ንስሐ የገባ ሽማግሌ መምህር ይሆናል። ሞብሊኑን የትኛውም ዓይነት ውስጥ ማስገባት አልቻልንም፤ ለዚህ ነው ከ1986 ጀምሮ የምንነጋገርበት። የተናገራትን ቃልም ኒንቴንዶ በኋላ በወጡት የዜልዳ ጨዋታዎች ደጋግሞ አምጥቷታል።

ፓርቱርናክስን ወደዚህ ምዕራፍ እንዳመጣው ያደረገኝ ንግግሩ ሳይሆን ጨዋታው በእሱ ላይ ያመጣው ጥያቄ ነው። ብሌድስ የተባሉት የጥንት ድራጎን አዳኞች፣ በታሪኩ ሂደት ተጫዋቹን ሲረዱ የቆዩት፣ ግደለው ይላሉ። ያለፈ ወንጀሉ ሞት ይገባዋል ባይ ናቸው። እምቢ ያለ ተጫዋች የእነሱን እርዳታ ያጣል። ሦስተኛ መንገድ የለም፤ አለቃቸው ይሆናል የተባለው ሰው፣ ሊያገለግሉት የማሉለት ራሱ ተጫዋቹ ሆኖ ሳለ፣ «አይሆንም፣ ትእዛዜ ይህ ነው» የሚልበት አማራጭ አልተጻፈለትም። ተጫዋቾች በዚህ ተናደዱ። ፕሮግራም የሚችሉት ደግሞ ሞድ ሠሩ፤ ሞድ ማለት ከጨዋታው ላይ የሚጫን፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚጽፉት ማሻሻያ ነው። በእነዚህ ሞዶች ተጫዋቹ ብሌድሶችን አናግሮ ድራጎኑ በሕይወት እንዲኖር ያስገድዳቸዋል። የተጨመረው ጥቂት የንግግር ምርጫና የተልእኮ ለውጥ ነው፤ ሁሉም በሰዎቹ በኩል ያለ ነው። ድራጎኑ ላይ የነኩት ነገር የለም።